ፈረሶቹ የት ቀሩ?

ዕቁብ ደረሰኝ። እንዲህ ያለው ነገር ለሰው እንደማይነገር እናቴ በልጅነቴ መክራኛለች። ነገር ግን አዳማ ነፋስ የማይለያት ከተማ ናት፤ አቧራውም ወሬውም በር ሳያንኳኳ ይገባል። ማክሰኞ ማታ ደረሰኝ፤ ረቡዕ ጠዋት ኢንዱስትሪ ፓርኩ በር አካባቢ ያለችው ሻይ ሻጭ ስኳሩን እጇ ሳይሰስት ጨመረችልኝ። ሐሙስ ደግሞ የማላውቀው ሰው ደውሎ፣ «ወንድሜ፣ መኪና ልትገዛ ነው አሉ» አለኝ። እኔ ራሴ ገና አልሰማሁም ነበር።

በፓርኩ ውስጥ ካሉት የልብስ ስፌት ፋብሪካዎች በአንዱ የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነኝ። የገባሁት ፓርኩ መስከረም 2011 ዓ.ም. ከተመረቀ በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት የመንግሥት መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ነበርኩ። ዕድሜዬን በሙሉ ስቆጥር ኖሬያለሁ፦ ክር፣ ቁልፍ፣ ዚፕ፣ መርፌ። ሰው ደግሞ እንደ ሥራው ነው። ደላላው «ይህቺ መኪና 100 የፈረስ ጉልበት አላት» ሲለኝ፣ ሐኪም ብሆን ልቧን አዳምጥላት ነበር፤ ግምጃ ቤት ነኝና «ቆጥሬ ነው የምረከበው» አልኩት።

ሳቀ። እኔ ግን የምሬን ነበር። ቆጠርኩም። ጉድለት አገኘሁ።

መጀመሪያ የፈረሱን ነገር እናጣራ። የፈረስ ጉልበት የሚባለውን መለኪያ ያስለመደው ጄምስ ዋት የተባለ ስኮትላንዳዊ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የእንፋሎት ሞተሩን ሊሸጥ ሲዞር፣ ገዢዎቹ ሁሉ ባለ ፈረስ ነበሩና የሚጠይቁት አንድ ነገር ነበር፦ ይህ ብረት ስንት ፈረስ ይተካልኛል? እሱም ለክቶ ቁጥር ሰጣቸው። ዛሬ በኪሎና በሜትር ሲመነዘር፣ አንድ የፈረስ ጉልበት ማለት 75 ኪሎ ዕቃ በአንድ ሰከንድ አንድ ሜትር ወደ ላይ ማንሳት ነው። ሦስት ሩብ ኩንታል ጤፍ ከመሬት እስከ ወገብ፣ «አንድ» ብለው ሳይጨርሱ። እኔ ልሞክረው ብል ጤፉ እዚያው ይቀራል፣ የሚያነሱት እኔን ነው። ልብ በሉ እንግዲህ፤ የፈረስ ጉልበት ከመነሻው የገበያ ቃል ነው። ዋት ትልቅ መሐንዲስ ነበር፤ ለደላሎችም ትልቅ ባለውለታ ነው።

ይህን ሻይ ቤት ውስጥ ሳወራ አንድ ባለ ጋሪ አዛውንት ሰሙኝ። ፈረሳቸውን ደጅ አቁመው ዳቦ በሻይ እየነከሩ ነበር።

«የኔስ ፈርዳ ስንት ጉልበት አለው?» አሉ።

«አንድ ነዋ፣ አባባ።»

ተቆጡ። ዳቦውን አስቀምጠው ነው የተቆጡት። እውነታቸውን ነበር፤ በኋላ ሳጣራ እውነተኛ ፈረስ ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ነው ወደ አንድ የሚጠጋው፤ ለአፍታ ባለ በሌለ ኃይሉ ሲጎትት እስከ 15 ሊደርስ ይችላል ይላሉ ያሰሉት ሰዎች። ባጃጅ 10 ገደማ ነው። ይኸውም የአባባ ፈረስ ከመነሻው ላይ፣ ለጥቂት ሰከንድ፣ ከባጃጅ ይበረታል ማለት ነው። ይህን ከነገርኳቸው ወዲህ ባጃጅ አጠገባቸው ሲቆም አንገታቸውን ቀና ያደርጋሉ። ለፈረሱ ግን አልነገሩትም፤ የገብስ ጭማሪ እንዳይጠይቅ።

ወደ ቆጠራው ልመለስ። መኪናዋ ጅቡቲ ወደብ ላይ ስትራገፍ 100 ፈረስ ናት እንበል። ሞዴል 19 ቆርጬ ተረከብኩ። ካታሎጉ ላይ ያለው ቁጥር ከባሕር ወለል ብዙም ለማይርቅ ቦታ የተሰላ ነውና፣ ጅቡቲ ላይ ሁሉም ፈረሶች ይገኛሉ። ሞተር ግን ነዳጅ ብቻውን አይበላም፤ አየር ካላገኘ ነዳጁ አይቃጠልለትም። ወደ ደጋ በተወጣ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ ሲሊንደሩ በአንድ ትንፋሽ የሚስበው ይቀንሳል፤ ጉልበቱም አብሮ ይወርዳል። ግምቱ በየ1000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ነው። አዳማ ከባሕር ወለል 1600 ሜትር በላይ ናት። መኪናዋ በረሃውን አቋርጣ፣ አዋሽን ተሻግራ ፓርኩ በር ስትደርስ ቆጠርኩ፦ 84። አሥራ ስድስት ጎድሏል። አዲስ አበባ ስትገባ ወደ 77 ትወርዳለች። እንጦጦ ላይ ከወጣች 70 ቢገኝ ነው።

«አሥራ ስድስቱ የት ቀሩ?» አልኩት ደላላውን።

«ሞተሯ ንክች አላለም!» ብሎ ማለ።

በመሥሪያ ቤታችን እንዲህ ያለ ጉድለት ቢገኝ ኦዲተር ይመጣ ነበር፤ የኔም ደመወዝ ይታገድ ነበር። እዚህ ግን ፈረሶቹ አየር አጥሯቸው እየተንጠባጠቡ ሲቀሩ ማንም ደረሰኝ አይጠይቅም። በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነስቶ ለአፄ ምኒልክ ያደረሳት መኪናም አዲስ አበባ ስትገባ ከፈረሶቿ ያጣች መሆን አለባት። ያኔ ግን የሚቆጥር ግምጃ ቤት አልነበረም።

ለዚህ ጉድለት መድኃኒት አለ፤ ቱርቦ ይባላል። ፋብሪካችን ውስጥ የስፌት ማሽን የሚጠግን ወጣት አለ፤ ሻይ ቤት ውስጥ «ኢንጂነር» ነው የምንለው። እሱ አስረዳን። ሞተሩ አቃጥሎ የጨረሰው ጭስ በማርሚታ ወጥቶ ይባክናል፤ ነገር ግን ጭሱ ትኩስ ነው፣ ግፊትም አለው። ቱርቦ ያንን ጭስ በትንሽ መዘውር ላይ ያሳልፈዋል፤ መዘውሩ በሌላው ጫፍ ያለውን ማራገቢያ ያዞራል፤ ማራገቢያው ንጹሕ አየር ጨምቆ ወደ ሲሊንደር ይሰዳል። በደቂቃ ከ100 ሺህ ዙር በላይ ይሾራል። ኢንጂነሩ እጁን እያሽከረከረ ይህን ሲያስረዳ፣ ሻይ ሻጯ ብርጭቆ እያጠበች፣

«ፍርፍር ነዋ!» አለች።

ሁላችንም ዞር አልን።

«የተረፈውን እንጀራ መልሶ ቁርስ ማድረግ ነው። ይህ ምኑ ያስደንቃል?»

ልጁ ዩኒቨርሲቲ ስንት ዓመት የለፋበትን በአንድ ቃል ጨረሰችበት።

ፍርፍሩ ለእኛ ለደጋ ሰዎች የተፈለሰፈ ይመስላል። አየሩ ሲሳሳ ራሱ እየጨመቀ ስለሚያስገባ፣ ባለ ቱርቦ ሞተር ዳገት ላይ ፈረሶቹን እንደ ሌላው አይጥልም። ታዲያ የድሮ ሾፌሮቻችን ለምን ይፈሩታል? ምክንያት አላቸው። ቱርቦ ጥሩ ዘይት በሰዓቱ ይፈልጋል፤ «ነገ እቀይራለሁ» የሚባል ነገር አይገባውም። የአሁኑ ናፍጣ ሞተር ደግሞ ነዳጁን በከፍተኛ ግፊት፣ ከፀጉር በቀጠነ ቀዳዳ ነው የሚረጨው፤ ከበርሜል የተቀዳ፣ ውኃና አሸዋ የቀመሰ ናፍጣ ካገኘው ኖዝሉ ያልቃል። ለዚህ ነው የገጠር መንገድ የሚያውቅ ሾፌር 1ኤችዜድ የሚባለውን የላንድክሩዘር ሞተር ስሙን ሲጠራ ድምፁን የሚያለሰልሰው። 4.2 ሊትር ነው፤ ስድስት ሲሊንደር፤ ቱርቦ የለው፣ ኮምፒውተር የለው። ያ ሁሉ ብረት የሚያወጣው 130 ፈረስ ገደማ ብቻ ነው። ለጀርመን ወይም ለጃፓን መሐንዲስ ይህ ስንፍና ነው። የእኛ ሾፌር ግን ለሞተር የሚሰጠው ትልቁ ምስጋና «ፈጣን ነው» አይደለም፤ «አያሳፍርም» ነው።

ስለ ፈረስ ብዛት ተወርቶ ቪ8 ከተዘለለ ቅር ይላል። ቪ8 ማለት ስምንት ሲሊንደር አራት አራት ሆኖ፣ በሁለት ረድፍ፣ እንደ ተከፈተ መጽሐፍ ዘንበል ብሎ የተቀመጠበት ሞተር ነው። በእኛ አገር ግን የሞተር ስምነቱ ቀርቶ የሹመት ስም ሆኗል። «ቪ8 ይዟል» ከተባለ ሲሊንደር የሚቆጥር የለም፤ የሚቆጠረው አጃቢ ነው። ቶዮታ በ2013 ዓ.ም. ላንድክሩዘር 300ን ሲያወጣ ቪ8ን ጭራሽ ተወው፤ በምትኩ ባለ ሁለት ቱርቦ ቪ6 አስገባ። የቀድሞው 4.5 ሊትር ናፍጣ ቪ8 270 ፈረስ ገደማ ነበር፤ አዲሱ 3.3 ሊትር ቪ6 ከ300 ያልፋል። ሁለት ሲሊንደር ቢጎድልም ፈረሱ በረከተ፤ ፍርፍር ይሉታል ይህን ነው። እኛ ግን ዜናውን አልተቀበልንም። የልብስ ማጠቢያ ዱቄት ሁሉ ኦሞ እንደሆነ፣ ቪ6ቱንም ቪ8 እያልነው ቀጥለናል። ሹመት በሲሊንደር ቁጥር አይወርድም።

ታዲያ ይህ ሁሉ ፈረስ የት ይጋልባል? በ2007 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ 85 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የሚፈቀደው ከፍተኛ ፍጥነት በሰዓት 120። ቪ8ን በሜዳ ላይ በ120 ለማስኬድ ከፈረሶቹ ግማሹ እንኳ አያስፈልግም። የቀሩት ከኮፈኑ ሥር ቆመው ገብስ ይበላሉ፤ ገብሱን የሚከፍለው ባለቤቱ ነው፤ ወይም ባለቤቱ መንግሥት ከሆነ እኔና እናንተ።

አያቶቻችን በዚህ ነገር ከእኛ ይበልጡ ነበር። መኳንንቱ የጦር ፈረስና የመንገድ በቅሎ ለይተው ያውቁ ነበር። ለሩቅ ጉዞ የሚቀመጡት ሰጋር በቅሎ ላይ ነው፤ ፈረሱ ተጭኖ፣ አምሮ፣ ከጎን ይሳባል፤ ጉልበቱ የሚፈለገው ለውጊያና ለጉግስ ነው። እኛ ግን በጦር ፈረስ ላይ ተቀምጠን አትክልት ተራ ቲማቲም ልንገዛ እንሄዳለን። ስለ በቅሎ ካነሳን፣ በቤንዚንም በባትሪም የሚሄደውን ሃይብሪድ መኪና ሳይ ሁልጊዜ ትዝ የምትለኝ እሷ ናት። «አባትሽ ማን ነው?» ቢሏት «ፈረስ አጎቴ ነው» ያለችው። ሃይብሪዱም ቤንዚን ማደያ ሰልፍ ሲረዝም የባትሪ ዘመዱን ይጠራል።

ጉልበት ብቻውንም ነገር አይነግርም። በአርሲ የስንዴ ማሳ የሚያርሰው ቤላሩስ ትራክተር 80 ፈረስ ገደማ ነው። ቪትዝ 70 ገደማ ናት። በወረቀት ላይ እህትና ወንድም ናቸው። ቪትዝን ግን ማረሻ አስራችሁ ማሳ ውስጥ አስገቧት እስቲ! ልዩነቱ ቶርክ የሚባለው ነው፤ ዘንጉን የሚጠመዝዘው ኃይል። ትራክተሩ በደቂቃ 2200 ዙር ላይ፣ ቀስ ብሎ፣ ግን በሦስት እጥፍ ያህል ኃይል ይጠመዝዛል፤ ቪትዝ ፈረሶቿን ለማውጣት ወደ 6000 ዙር መጮህ አለባት። አባባ ይህን ወዲያው ተረዱ። «አንዱ ፈረስ የተጫነ ጋሪ ከጭቃ ያወጣል፤ ሌላው ባዶውን ይሮጣል» አሉ። ገዢ ከሻጭ ሊጠይቅ የሚገባው ጥያቄ ይሄ ነው፦ ከጭቃ ያወጣል ወይስ ባዶውን ይሮጣል?

እስካሁን እንደ ገዢ አወራሁ እንጂ፣ እውነቱን ለመናገር ሞተር የሚመርጥልን ጉምሩክ ነው። እኛ «ስንት ሲሲ ነው?» ብለን የምንጠይቀው ስለ ፒስተኑ ስፋት ተጨንቀን አይደለም። የኤክሳይዝ ታክሱ እርከን በሲሲ ነው የተከፈለው፤ እስከ 1300፣ ከዚያ እስከ 1800፣ ከዚያ በላይ። ጃፓን ያለው መሐንዲስ 1298 ሲሲ ሞተር ሲሠራ እኛን እያሰበ ይመስለን ነበር። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ አዋጅ ደግሞ ባረጁ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጫነ። ከዚያ ጥር 2016 ላይ የነዳጅ አውቶሞቢል ከእንግዲህ እንደማይገባ፣ የሚገባው ኤሌክትሪክ ብቻ እንደሆነ ተነገረ። እንዲህ ያለ ውሳኔ በዓለም ስንወስን የመጀመሪያዎቹ ነን። እኔ ቱርቦ ይሻላል አይሻልም ብዬ ስከራከር፣ ክርክሩ ወደብ ላይ ተዘግቶ ቆየኝ።

እዚህ አገር ውስጥ ያሉት ያገለገሉ መኪኖች ግን ይህን ሲሰሙ ደረታቸውን ነፉ። መኪና ሲያረጅ ዋጋው የሚወርደው በሌላ አገር ነው፤ በእኛ አገር እንደ ሽማግሌ በዕድሜው ይከበራል። ቪትዝን የዛሬ አምስት ዓመት ሸጦ «ተገላገልኩ» ያለ ሰው ዛሬ በዚያ ገንዘብ መልሶ አይገዛትም።

አሥራ አንድ መኪና አየሁ። ደላሎቹ እንደሚሉት ከአሥራ አንዱ ስድስቱን የያዘው «ዶክተር» ነው፤ ከቤት ወደ ሆስፒታል፣ ከሆስፒታል ወደ ቤት። አራቱን የያዘቻቸው «ሴት» ናት። አንዱን ደግሞ ሴት ዶክተር። የአዳማ ሐኪሞች በሙሉ ቢሰለፉ ይህን ያህል መኪና አይነዱም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብዬ ሽማግሌ መካኒክ ይዤ እሄዳለሁ። የእሱ ምርመራ እንደ ስኒ ማንበብ ነው። ሞተሩን አስነስቶ የዘይቱን ክዳን ይከፍትና ይተነፍስ እንደሆነ ያያል፤ የሚተነፍስ ከሆነ ፋሻው አልቋል። ከዚያ ወደ ኋላ ሄዶ ጭሱን ያነባል። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት ይበላል፤ ጥቁር ከሆነ ነዳጅ በዝቶበታል፤ ነጩ ጭስ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ካልጠፋ ውኃ ሲሊንደር ውስጥ እየገባ ነው፣ ጓርኒሲዮኑን ጠርጥር። አንዷን መኪና ከፍቶ ዝም ብሎ ቆየና «እግዚአብሔር ነፍሷን ይማር» ብሎ ክዳኑን መለሰ። ደላላው አሁንም «አልተነካችም» ይላል። መነካትማ ነበረባት።

ቀረ ኤሌክትሪኩ። ስለሱ ሻይ ቤቱ ለሁለት ወር ተከራከረ። አንድ ሾፌር «ድምፅ የሌለው ነገር አላምንም» ይላል። መካኒኩ ደግሞ የተከፋው በሌላ ነው። መካኒክነት በአማርኛ ጣልያንኛ መማር ነበር፦ ካንዴላ፣ ቴስታታ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ፣ ሞተሪኖ፣ ጓርኒሲዮን። ኤሌክትሪኩ ይህን ሁሉ በአንድ ቀን ሰረዘው፤ አንዱም የለውም። «ጣልያን ከአገር የወጣው ገና አሁን ነው» አለ።

ክርክሩን የፈታችው ግን አንዲት የስፌት ኦፕሬተር ናት። ኢንጂነሩ ሲያስረዳ ሰማችው። የነዳጅ ሞተር መብራት ላይ ቆመን ሳንሄድም ይዞራል፣ ይጮኻል፣ ይበላል፤ ሙሉ ኃይሉን የሚያገኘው ዙሩ ከፍ ሲል ነው። የኤሌክትሪኩ ግን ቆሞ አይበላም ማለት ይቻላል፤ ፔዳሉ ሲነካ ገና ከዜሮ ዙር ጀምሮ ሙሉ ቶርኩ አለ፤ ፍሬን ሲያዝ ደግሞ ጥቂቱን ኃይል ወደ ባትሪው ይመልሳል። ልጅቷ ትከሻዋን ሰበቀች።

«ክላች ሞተርና ሰርቮ ማለትህ ነው?»

በእውነትም እሱ ነው። የድሮው የስፌት ማሽን ሞተር ማብሪያውን ከነኩት ጀምሮ ተሰፋም አልተሰፋም ቀኑን ሙሉ እያጓራ ይዞራል፤ አሁን ያለው ሰርቮ እግር ሲነካው ብቻ ይዞራል። እነዚህ ሴቶች ቀኑን ሙሉ የሚነዱት ኤሌክትሪክ ሞተር ነው፤ እኛ ደጅ ተቀምጠን ይቻል እንደሁ አይቻል እንደሁ እንከራከራለን። ግምጃ ቤት ስገባ የሞተሮቹን ሳጥን አየሁ፦ 550 ዋት። ሦስት ሩብ ፈረስ። እንዲህ ያለ 400 ማሽን ያለው አንድ ሼድ 300 ፈረስ ይዟል፤ ቪ8 የሚሉትን ያህል። ልዩነቱ እነዚህኞቹ ሱሪ ይሰፋሉ።

ሌላም ቆጠራ አለኝ። ከአዳማ በላይ ካለው ሸንተረር ላይ የቆሙትን የነፋስ ተርባይኖች አይታችኋል። የመጀመሪያው ጣቢያ 51 ሜጋ ዋት፣ ሁለተኛው 153 ሜጋ ዋት። አንዱ ተርባይን 1.5 ሜጋ ዋት ነው፤ 2000 ፈረስ! ሁለቱ ጣቢያዎች ሲደመሩ ከ270 ሺህ በላይ ፈረስ ከራሳችን በላይ ነፋስ ሲነፍስ ይጋልባል። ከፍታው ጎዳን ብለን ስናለቅስ፣ ፈረሶቹ ለካ ዳገቱ ላይ ነበሩ። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስም፤ ጅቡቲ 100 ሆኖ ከተራገፈ አዳማም 100፣ እንጦጦም 100 ነው። ጉድለት የሌለበት ርክክብ በሕይወቴ ያየሁት ይሄ ብቻ ነው።

ወሰንኩ፤ ኤሌክትሪክ እገዛለሁ አልኩ። ታክሱም ቀሎ ነበር፤ በ2014 ዓ.ም. ኤክሳይዝና ተጨማሪ እሴት ታክስ ተነስቶለት ነበር፣ ተገጣጥሞ ለሚገባው ጉምሩኩ 15 በመቶ ነበር። ዕቁቡ ባይሞላም የባለቤቴ ወንድም ሊጨምርልኝ ተስማማ። ከዚያ ወደ ቤት ሄጄ ለአከራዬ ነገርኳቸው።

እትዬ መቀነታቸውን አጠበቁ። ግቢው ውስጥ አምስት ተከራይ ነን፣ ቆጣሪው አንድ ነው። ምጣድ እንኳ የምንጥደው በተራ ነው፤ የኔ ተራ ቅዳሜ ከሰዓት ነው።

«ስንት ይበላል?» አሉኝ።

«በዝግታ ሲሞላ እንደ አንድ ምጣድ ነው፣ እትዬ» አልኩ፤ እውነቴን ነው።

«ለስንት ሰዓት?»

«ሌሊቱን።»

«ልጄ» አሉኝ በእርጋታ፣ «ሌሊቱን ሙሉ የሚጋገረው ለማን ድግስ ነው?»

270 ሺህ ፈረስ ከከተማው በላይ ይጋልባል፤ እኔ ግን አንዱን እንኳ በአንድ ቆጣሪ አጥር ማሳለፍ አቃተኝ። ያኔ ነው የገባኝ። ስለ ሲሊንደር፣ ስለ ቱርቦ፣ ስለ ቶርክ ብዙ ተማርኩ፤ ይጠቅመኛልም። ሞተሩን የመረጡልኝ ግን ከፍታው፣ ጉምሩኩ፣ ማደያውና የእትዬ ቆጣሪ ናቸው። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይባላል፤ የእኔ ፈረስም ከእነዚህ ጋር እንዲዋጋ አልፈረድኩበትም። እናንተም መኪና ስትገዙ የፈረሱን ብዛት ከመጠየቃችሁ በፊት የት እንደሚያድር ጠይቁ።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ቪትዝ ገዛን። አንድ ሊትር፣ ሦስት ሲሊንደር፣ በካታሎጉ 70 ፈረስ። ሽማግሌው መካኒክ የዘይቱን ክዳን ከፍቶ አየና ራሱን ነቀነቀ፤ አትተነፍስም። ጭሷም አይታይም። ደላላው ወረቀቱን አቅርቦ «እዚህ ጋ ፈርም» አለኝ። ብዕሬን አውጥቼ መጀመሪያ ከታች በኩል አንድ መስመር ጨመርኩበት፦ «በአዳማ ከፍታ የተቆጠረ፦ 59 ፈረስ። ጉድለቱን አይቼ፣ አውቄ ተረክቤያለሁ።» ከዚያ ፈረምኩ።